እናታችን የምትቆርጠው ቅጠል

ለእትዬ ሰገነት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው፣ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ገላና ደኅና ናቸው? የስኳር ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ እንደ ድሮው ሲያማቸው ብቻ ነው የሚያስታውሱት? ጅማ ዝናቡ አባራ? እኔ፣ ባለቤቴ አፀደና ልጄ ኤልቃና እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኛ ጋ ያለችው ልጅሽ ሔራንም ደኅና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ደንግጠሽ ወረቀቱን እንዳትጥይው ነው። እማዬም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ደኅና ናት ግን አልልሽም።

ደብዳቤ የጻፍኩት ወግ አምሮኝ አይደለም። ጥቅምት ዐሥር ቀን ስደውልልሽ «እናቴን መርዝ ታጠጣለች ልትላት ነው?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። መልሼ ደወልኩ፤ «አዳምጪኝ» ከማለቴ ዘጋሽ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሚያነሱት ጋሽ ገላና ናቸው። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ አንዴ ተኝታለች ይሉኛል። ሰውየው መዋሸት አይሆንላቸውም፤ ከጀርባቸው ድምፅሽ ይሰማኛል። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም። የጎረቤታችን ልጅ ሌንጮ ነገ ንጋት ላይ አውቶቡሱን ይዞ ወደ ጅማ ስለሚወርድ በእሱ ልኬዋለሁ። ነገ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በእጅሽ ይገባል። እስከ መጨረሻው ድረስ አንብቢው፤ ከዚያ የምትቆጪ ከሆነ ተቆጪ።

ከሔራን ልጀምር። በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ጉርድ ሾላ ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ አፀደ በር ላይ አይታት «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለቻት። ነጩ ብጫ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደሟ ተመረመረና ከተበከለ ውኃ ወይም ምግብ የሚመጣ የጉበት ቫይረስ ነው ተባለ። ሐኪሟ በዕድሜ ልጅ ናት፤ ግን ጠንቃቃ ናት። «የሚታዘዝ መድኃኒት የለውም፣ ዕረፍትና ምግብ ነው፣ በሦስት አራት ሳምንት በራሱ ይለቃታል» ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ «ጉበቷ አሁን ሸክም አይችልም፤ የባህል መድኃኒት እንዳትሰጧት» አለችኝ፣ ቅጠሉን ኮቴ ውስጥ ደብቄ የገባሁ ይመስል። ተናደድኩባት። ልክ ነበረች።

ያንኑ ዕለት አንቺ ለእማዬ ደወልሽ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ስለምታደርገው ሁላችንም ሰማንሽ። «ለባዳ ቅጠል ስትቆርጪ ኖረሽ ለልጅ ልጅሽ ልትሰስቺ ነው?» አልሻት። ሳቀች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እማዬ ሽር ጉዷ ልክ አጣ፤ ሙቀጫውን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ቅጠል ይጠላል ብለሽ እንዳትጀምሪ። ጓሯችንን ታውቂዋለሽ። ኤልቃናን ምች ሲመታው ዳማከሴ ጨምቄ ያጠጣሁት፣ ግንባሩንም ያሸሁት እኔ ነኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ጤና አዳም እቀነጥባለሁ። ጉንፋን ሲገባ አፀደ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፤ ቤቱ ሦስት ቀን ይሸታል፣ ማንም አያማርርም። ኤልቃና እጁን እሳት ሲፈጀው ከእሬቱ ቆርጠን ቀባነው። እነዚህን ሁሉ ግን ስማቸውን ጠርቼ፣ አይቼና አሽትቼ ነው የምቆርጣቸው። ጎረቤት ሲፈልግ «ያው እዚያ ጋ ነው፣ ገብተሽ ቁረጪ» እላለሁ። ዓይን ብጫ ለሚያደርገው ሕመም፣ ወፍ ለምንለው፣ እማዬ የምትሰጠው ግን ስም የለውም።

ሥርዓቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም አንድ ላይ እንድታይው ልጻፈው። ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ውኃ ሳትቀምስ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ወደ እንጦጦ ትወጣለች። ማንም አይከተላትም። ቅጠሉን ማንም አያይም። ሰው ካናገራት የዚያ ቀን ቅጠል ረክሷል፣ ትጥለዋለች። በሽተኛው ስሙን አይናገርም፣ ሲቀበልም አያመሰግንም። የአንዱ ዓይን ሳይጠራ ለሌላው አትቆርጥም። ዕውቀቱን የሚወርሰው ሰው «ተቀብያለሁ» ካለ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ የእሷ እጅ አበቃ፤ ቅጠሉን መንካት የወራሹ ነው። ወራሿ አንቺ ነሽ። አባባ በሞተ ዓመት ሁላችንም ባለንበት ተናግራለች። አንቺም «ስመለስ እቀበላለሁ» ብለሽ ሄድሽ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው።

እኔ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት መድኃኒት ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። መለያ ቁጥሩ የደበዘዘ ካርቶን ከመጋዘን መልሻለሁ። የኪኒኑ ክብደት ከተወሰነው ከወረደ አልፈርምም፤ አለቆቼ የማይወዱኝ ለዚህ ነው። ይኸው ሰው እናቱን ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በመኪና ወደ እንጦጦ ያወጣታል፤ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያቆማል፤ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ይጠብቃል፤ በነጠላዋ የቋጠረችውን ሳያይ ይመልሳታል። ያላየሁት ስለማላምንበት ነው። እንደ መድኃኒት ባምንበት ኖሮ እመረምረው ነበር። የሚያበግነኝ ይህ ነው።

ዓይኗ ከሄደ ቆይቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ደብቃናለች። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች፣ ኩባያው የት እንደተሰቀለ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ። ባለፈው ግንቦት ኤልቃና በር ላይ ቆሞ ሳለ «ወንደሰን፣ ዛሬ ሥራ የለህም?» አለችው። ልጁ ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማል። አፀደ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ቀዶ ሕክምናው ከባድ አይደለም ተባለ። «በዓይኔ ስለት አይገባም» አለች፤ ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

የሚከፋው ይቀጥላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ጽዶቹ አጠገብ የነበረው አሮጌ ቁጥቋጦ ከመጋቢት ወዲህ የለም። የእግረኛ መንገድ ሲሠራ ተገፍቶ አፈሩ ተደለደለ፤ በቦታው ለውበት ተብሎ በተርታ አጥር ተተከለ። ቅጠሉ ሻካራ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ፣ ሲያሹት አፍንጫ የሚወጋ፣ በአንድ ራስ ላይ ብጫና ሮዝ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ በየግቢው አጥር አይተሽዋል። እማዬ መንገድ እንደተሠራ ሰምታለች። ቁጥቋጦዋ እንደተነቀለ ግን የነገራት የለም፤ ቁጥቋጦዋ የትኛው እንደነበረ ማንም እንዲያውቅ አይፈቀድማ።

ቅጠሉ መቀየሩን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ዓርብ ከመለስኳት በኋላ መኪናው ወንበር ላይ ሁለት ቅጠል ወድቆ አገኘሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁ። በወረቀት ጠቅልዬ መሥሪያ ቤታችን ላለችው የዕፅዋት ባለሙያ፣ ለአምለሰት፣ ሰጠኋት። ገና ስታየው «ይሄማ የአጥር አበባ ነው፣ ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ። ቀጠለችና «ከብት ካላችሁ እንዳይበላው ጠብቁ። የሚያጠቃው ጉበት ነው፤ ዓይናቸው ሁሉ ብጫ ይሆናል» አለች። ሰው ቢጠጣውስ አልኳት። «ማን አብዶ ይጠጣዋል?» ብላ ሳቀችብኝ። በጽሑፍ አድርጊልኝ አልኳት፤ አደረገችልኝ። ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

ቅጠሉ የተቆረጠለት ወጣት ማን እንደሆነ አላውቅም። በዚያው ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ገና አምለሰትን ሳላገኛት፣ ኮፍያውን ደፍቶ መጣ፣ ለሦስት ጠዋት የሚሆነውን ተቀብሎ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። እማዬ አለመምጣቱን ድኗል ብላ ቆጠረችው።

አቶ ቢራቱን ግን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከታች ያለው ወፍጮ ቤት የሚሠሩትን። ሐምሌ ላይ ዓይናቸው ብጫ ሆኖ መጡ፣ ሦስት ጠዋት ጠጡ። በሳምንቱ ቆዳቸው ሳይቀር ብጫ ሆነ። እማዬ «በሽታው እየወጣላቸው ነው፣ ደግ ነው» ብላ ደገመቻቸው። ነሐሴ ዐሥራ ሰባት ቀን ቀበርናቸው። መጠጥ ይወዱ ነበር፤ ጉበታቸው አስቀድሞ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ገደላቸው ብዬ አልፈርምም። አልገደላቸውም ብዬም አልፈርምም። በቀብሩ ላይ ባለቤታቸው የእማዬን እጅ ስመው «እርስዎማ የሚችሉትን አድርገዋል» ሲሏት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላወቅኩም። አሁን ያ ንግግር ሥራ ላይም መንገድ ላይም ይመጣብኛል።

ለምን አልነገርካትም ትይኛለሽ። ግማሹን ነግሬያታለሁ። ዓይንሽ አያይም፣ ቦታው ተቀይሯል፣ ተይ አልኳት። «ሃምሳ ዓመት የቆረጥኩትን ነው የምታስተምረኝ? አንተ ማሽንህን እመን» አለችኝ። ቅጠሉ ሌላ ነው ስላት «አይተኸዋል ማለት ነው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ፈራሁና አላየሁም አልኩ። እንግዲያው ለእኔ አስረክቢኝ አልኳት። «አንተ ተቀብለህ ልትጥለው ነው» አለች። እውነቷን ነው። «የሰገነት ነው። እሷ ትምጣና ትውሰደው» ብላ ተነሣች። ስለ አቶ ቢራቱ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አዳንኩ ብላ ነው የኖረችው።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን ረቡዕ ለሔራን ልትቆርጥ እንደ ወትሮው ይዣት ወጣሁ። ከመኪናው ወርዳ ጽዶቹን ስታልፍ ከኋላዋ ወረድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሬ አየሁ። የትልቁን ጽድ ግንድ ዳሰሰች፣ ከዚያ ተነሥታ እርምጃዋን ቆጠረች፣ አዲሱ አጥር ፊት ስትደርስ ቆመች። እጇን ዘረጋች፣ ሻካራውን ቅጠል አገኘች፣ በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው፤ ጥቂት እንደ መጠራጠር አለች። ከዚያ ነጠላዋን አንጥፋ መቁረጥ ጀመረች። እርጋታዋን ብታይው። ጉም ነበር። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ አዩዋት፤ ሥርዓቱን ስለሚያውቁ ትንፍሽ ሳይሉ አለፉ። እኔ ሁለት ሜትር ያህል ቀርቤ «እንደምን አደርሽ፣ እማዬ» አልኳት።

እጇ ባለበት ቀረ። የቆረጠችውን አንድ በአንድ መሬት ላይ ጣለች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ ክንዴን ሳትይዝ ወደ መኪናው ተመለሰች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደረስን። ግቢው በር ላይ «ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ያንተ ሥራ ነው» ብላኝ ገባች።

ዓርብ ስነሣ አልጋዋ ባዶ ነበር። ከእንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች አንዷን ቀጥራ ኖሯል፣ ክንዷን ይዛ አወጣቻት፣ ፊቷን አዙራ ቆማ መለሰቻት። ቅጠሉን ወቅጣ፣ በኩባያ ዘፍዝፋ፣ ጤዛ እንዲመታው መስኮቱ ላይ አኖረችው። ያደረግኩትን ለአፀደም አልነገርኳትም። ኩባያውን ደፍቼ አጠብኩት፤ ጎመን ወቅጬ፣ እንዲመር የሎሚ ልጣጭ ጨምሬ፣ በልኩ ሞልቼ መለስኩት። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ውጤት ሳላጭበረብር ኖሬ የእናቴን ኩባያ አጭበረበርኩ። ሔራን አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው። «እማማ፣ ይሄ ነገር ጎመን ጎመን ይላል» አለች። እማዬ ግን «አፍሽን የቀየረው በሽታው ነው፣ ጠጪ» አለቻት።

ሐኪሟ እንዳለችው በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ ጠራ። ደስ ይበልሽ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያስከተለውን እይ። ሔራን ባለፈው ሐሙስ ሥራ ስትገባ አያቴ አዳነችኝ ብላ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተናገረች። በስልኳ የተነሣችውን የብጫ ዓይኗን ፎቶ ከአሁኑ ጋር እያስተያየች ታሳያለች። ከኮተቤም ከመገናኛም ሰው መምጣት ጀምሯል። ሐኪም ሊያድናት ያልቻለ ልጅ ተብላለች፤ ማን እንዲህ እንዳለ አላውቅም፣ ሐኪሟ የነገረችንን እኔ ነኝ የሰማሁት። አራት ሰው ተራ ይጠብቃል። አንዷ የሚጠባ ልጅ አላት። በር ላይ ጠብቄ ሁለቱን እንዳይጠጡ ለመንኳቸው። አንደኛው፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሳቀብኝና «ጋሼ፣ ከእናትዎ ጋር በሽተኛ ይሻማሉ እንዴ?» አለኝ። ያቺ የምታጠባዋ ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ እስክሄድላት ጠበቀች። ስሟን ጠየቅኳት። አልነገረችኝም፤ ሥርዓቱ ነዋ።

የሔራን ዓይን ስለጠራ የሚቀጥለው ተራ ተከፍቷል። ቅጠሉ ከነገ በስቲያ ረቡዕ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ የምትጠጣውም የምታጠባዋ ናት። እኔ ዳግመኛ ሰላም እንዳልላት እማዬ ነገ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ወጥታ እንጦጦ አንዲት መነኩሲት ቤት ልታድር ነው። መድኃኒቱንም እዚያው ወቅጣ እዚያው ትሰጣለች። የየሰዉን ኩባያ እየተከተልኩ ስደፋ ልኖር አልችልም።

ስለዚህ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ስልክ ነው። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ለእማዬ ደውዪና «ተቀብያለሁ፤ እስክመጣ እንዳትነኪው» በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪ። በራሷ ሕግ ከዚያ በኋላ አትቆርጥም፤ ሕጓን አፍርሳ አታውቅም። ቂምም ኀፍረትም ሳይኖርባት እጇ ያርፋል። ከዚያ በሳምንትም በወርም ነዪ፣ እንጦጦ ትውሰድሽ፣ እርምጃዋን ቆጥራ የምትቆምበትን ቦታ በዓይንሽ እዪ። ከዚያ ወዲያ ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ እሰማሻለሁ። ይህን ያህል ዓመት «ስመለስ» እያልሽ ያስተኛሻት ጉዳይ ነው፤ እየነዳሁ ያወጣኋትም እኔ ነኝ። ሁለታችንም ንጹሕ አይደለንም።

ካልደወልሽ፣ ነገ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዋን ስትደርብ አስቀምጣታለሁ። የአምለሰትን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ። የአቶ ቢራቱን ስም እጠራለሁ። የዚያን ባለ ኮፍያ ወጣት ነገርም አነሣባታለሁ። ለልጅ ልጇ የሰጠችው ጎመን እንደነበረ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ አትሄድም፣ ይህን አውቃለሁ። አንቺ ስትመጪ የምታገኚያት እናት ግን ምን እንደምትመስል አላውቅም፤ ያን ጊዜ እንዳትጠይቂኝ።

ለጋሽ ገላና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ከእንግዲህ ባንቺ ፈንታ ስልክ እንዲያነሱ አላስቸግራቸውም። ማቲዎስን ፈተናውን እንዲያነብ፣ ጫማውን የላክሁለት ለኳስ እንዳልሆነ ንገሪልኝ። ትንሿን ሃኒን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። አፀደ ናፍቃሻለች፤ ኤልቃናም እትዬን ሰላም በልልኝ ብሏል። ሔራን ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አታውቅም፣ እንዳትነግሪያት።

እማዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የእስክሪብቶውን ድምፅ ትሰማለች። ለማን ነው የምትጽፈው ብላ ጠየቀችኝ፤ ለሰገነት ነው አልኳት። «ልጅሽን አዳንኩልሽ በልልኝ» አለች። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ወንደሰን

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.